በቀይ የተሰረዘው ነጥብ

"ውሸት ነው" የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ ውጡልኝ። ለማሳመን ጉልበት የለኝም። የሆነው ሆኗል።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ቦታው የቤታችን ሰገነት፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ አስትሮይድ የሚባሉትን፣ ፀሐይን የሚዞሩ የሰማይ አለቶች እናድን ነበር። እሱ መነጽር ሰሪ ነው። በትንሿ ቴሌስኮፓችን ለመታየት የሚበቃ ብርሃን ያለውን፣ ከጎረቤት ግንብ በላይ የሚወጣውን ከዝርዝር እየለየ ይመርጣል። እኔ ቴሌስኮፑ ላይ በተገጠመው ካሜራ በሃያ ሃያ ደቂቃ ልዩነት ሦስት ፎቶ አነሳና ኮምፒውተር ላይ እያፈራረቅሁ አያለሁ። ኮከቦቹ ባሉበት ይቆያሉ። ከመሃላቸው የምትንቀሳቀሰው ነጥብ አስትሮይድ ናት።

ያገኘነውን ለሚመዘግቡ ተመራማሪዎች የምንልከው ሪፖርት ላይ የሚጻፈው ግን የእሱ ስም ብቻ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ! አንጀቴ አርሮ ነበር።

ያን ቀን የሰማይ ካርታ የሚስልበትን ደብተሩን ሰርቄ አየሁት። አንዱን ነጥብ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ ከጎኑ "እንዳታየው" ብሎ ጽፏል።

ሊደብቀኝ ነዋ! አዲስ ግኝት ለብቻው ሊበላ!

ቴሌስኮፑን ወደዚያው አዞርኩት።

አንደኛው ፎቶ... ደብዛዛ ነጥብ።

ሁለተኛው... እዚያው ቦታ ናት፣ ግን ደመቅ ብላለች።

ሦስተኛው... አሁንም እዚያው። ከኮከቦቹ ሁሉ ደምቃለች።

የጎረቤት ውሻ መጮኹን አቆመ። ነፋስ እየነፈሰ ገመዱ ላይ ያሉት ልብሶች አይንቀሳቀሱም።

የደረጃው በር ተበረገደ። ወንድሜ በነጠላ ጫማው እየሮጠ መጣ።

"አጥፋው!" አለኝ በሹክሹክታ።

"ስሜ እንዳይወጣ ፈርተህ ነው?"

"ቂል አትሁን! የሚንቀሳቀሰው በጎን ያልፋል። ይሄ የማይንቀሳቀሰው... ወደ እኛ ስለሚመጣ ነው። ስንት አነሳህ?"

"ሦስት።"

"እኔም ሦስት ላይ ነው ያቆምኩት። አራተኛውን እንዳታነሳ... በእናታችን!"

በእናታችን ብሎ ሲለምነኝ የመጀመሪያው ነው። እኔ ግን እልህ ይዞኛል። ዓይን ዓይኑን እያየሁ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩት።

አራተኛው ፎቶ ላይ ሰማይ የለም።

ሰገነታችን ነው... ከላይ የተነሳ። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሻለሁ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ቀና ብሎ ያያል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።



ዞር ስል ነጠላ ጫማው ብቻ ነው ያለው።

እየጮኽኩ ጠራሁት። ቀና ልል ስል ካሜራው በራሱ ቀጭ አለ።

አምስተኛው ፎቶ ላይ ወንድሜ አለ። ከኋላዬ ቆሞ በሁለት እጁ ዓይኖቼን ሸፍኗል።

እኔ ግን ስክሪኑን በደንብ እያየሁት ነበር...

ይኸው ሰባት ወር ሆነ። እናታችን "ወንድምህን የት ጥለኸው ነው?" ትለኛለች። ምን ልበላት? እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

ማታ ከሥራ ስመለስ አንገቴ ሳላዘው ወደ ላይ፣ ወደዚያች ነጥብ መቃናት ይጀምራል። ያኔ መነጽር ማጽጃ አልኮል የሚሸቱ ሁለት ቀዝቃዛ እጆች እንዳላያት ዓይኖቼ ላይ ያርፋሉ።

ትናንት ያረፈው አንድ እጅ ብቻ ነበር።