ጀርባውን የሰጠው አንበሳ

ቀራጩ ፋይት ኤልሃፈን በማተሚያው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በብረት ዘንግ ተመትቷል። ለጳጳሱ በዓለ ሹመት ሲቀርጸው የከረመው የመዳብ ሰሌዳ አጠገቡ ወድቋል። በጳጳሱ አርማ ላይ ያለው አንበሳ ፊቱ በቢላ ተፍቋል።

በዚህች የማይን ወንዝ ከተማ ጳጳሱ አባትም ገዥም ነው፤ አርማውን የደፈረ እሱን ደፈረ። ከተማው ደግሞ ለማንም አያዝንም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ሁሉም ሚስቱ ዋልቡርጋ ላይ ተረባረበ፤ አንገቷ ሊቀላ ጥቂት ቀርቶታል።

ዳኛ ሴባልድ ክሬስ ግን ጩኸት የሚጠላ ሰው ነው። መጀመሪያ እሷን ጠየቀ።

«ትጣሉ ነበር?»

«በየቀኑ! ሰካራም ነበር። ብገድለው ድሮ በገደልኩት!»

«ሰሌዳውንስ?»

«የምበላበትን ልፍቅ? አብጃለሁ እንዴ?»

ማተሚያውን የሚያዞረው ኢየርግም ተኮሳትሮ መለሰ፦ «እኔን ምን ታየኛለህ? ገና ዛሬ ልናትመው ነበር።» ዳኛው ሰሌዳውን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። ጭረቶቹ ውስጥ የቀለም ጠብታ እንኳ የለም። መልሶ በጨርቅ ሸፈነው።

የጳጳሱ የአርማ ሹም ሎታር ፋይክስ አፍንጫውን በጓንቱ ይዞ ደረሰ።

«ይህን ግም ቤት ረግጬው አላውቅም፤» አለ። «ንድፉን ያየሁት ቤተ መንግሥት ነው፤ ደህና ነበር። ሰውየው ግን ከዳን! የጌታችን የጳጳሱ አንበሳ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። እሱ ወደ ቀኝ አዞረው፤ ጀርባውን ሰጥቶ እንደሚሸሽ ፈሪ! ይቺ ሴትዮ ገድላው ከሆነ ጸድቃለች።»

«አፍህን ዝጋ!» አለች ዋልቡርጋ።

ዳኛው ሦስቱንም ማተሚያው ዙሪያ አቆማቸው። «ኢየርግ፣ ሰሌዳውን ቀለም ቀብተህ አትም።»

ማተሚያው እያቃሰተ ዞረ። ኢየርግ ወረቀቱን ገልጦ ከፍ አደረገው። ፊቱ የተፋቀው አንበሳ ወደ ግራ ይሄዳል።

ፋይክስ ዓይኑ ፈጠጠ።

«መዳብ ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ይቀረጻል፣ ወረቀት ላይ ይቃናል፤» አለ ዳኛው። «ይህን ሚስቱም ኢየርግም ያውቃሉ፤ ወደ ቀኝ የዞረ አንበሳ አያስቆጣቸውም። የሚቆጣው አርማ እያወቀ ህትመት የማያውቅ ሰው ነው። ደግሞም ሰሌዳው እስከ ዛሬ አልታተመም፤ ከዚህ ክፍልም አልወጣም፤ እርስዎ ሲመጡም ተሸፍኖ ነበር። ቤቱን ረግጠው የማያውቁ ከሆነ ጌታዬ፣ አንበሳው ወደ ቀኝ መዞሩን የት አዩት?»

ፋይክስ ጓንቱን ከአፍንጫው አወረደ። ትዕቢቱ ከፊቱ ላይ ረገፈ።

«ስፍቀው ሳቀብኝ፤» አለ በመጨረሻ። «ሰክሮ ነበር። ‹ሞኝ ነህ› ብሎኝ ጀርባውን ሲሰጠኝ ዘንጉን አነሳሁ። ለምን እንደሚስቅ አልነገረኝም… ቢነግረኝ ኖሮ…»

ዋልቡርጋ ወረቀቱን ከኢየርግ እጅ ነጥቃ ገና ባልደረቀ ቀለሙ የሹሙ ደረት ላይ ለጠፈችው።

«ሂድ፣ ለጌታህ አሳየው! ባሌ አልሰደበውም!»

ከዚያ ጥግ ላይ ተሸፍኖ በተጋደመው፣ ስትረግመው በኖረችው ሰው አስከሬን አጠገብ ቁጭ አለችና ስሙን እየጠራች አለቀሰች።