ነቄ እና ፈዛዛ

«አፍሽን ክፈቺ፣ የኔ ልጅ።»

«መጀመሪያ መርፌውን ያሳዩኝ» አለች ነቄ፣ ከንፈሯን በጠባቡ ከፍታ።

የጥርስ ሐኪሙ አሳዩአት። ባያሳዩአት ይሻል ነበር። ባለፈው ሳምንት ከዚሁ ወንበር ተነስታ፣ የደረት መሸፈኛው አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሮጣለች። የታመመው መንጋጋዋም አብሯት ሮጧል።

ትምህርት ቤት «ነቄ» ይሏታል። ማንም አይሸውዳትም። አስማተኛ ሲመጣ ካርታው የተደበቀበትን እጅጌ የምትጠቁመው እሷ ናት። ታላቅ እህቷን ደግሞ «ፈዛዛ» ያለቻት ራሷ ነቄ ናት። ፈዛዛ መጽሐፍ ከያዘች ቤት ቢቃጠል አትሰማም፤ አንዴ ድስት አሳርራ አረጋግጣለች።

ዛሬ ጥርሷን ቀድማ የተነቀለችው ግን ፈዛዛ ናት። ሐኪሙ ለስለስ ባለ ድምፅ «እጅሽ እየከበደ ነው… ትንፋሽሽ ዝግ እያለ ነው…» ሲሏት ትከሻዋ ወረደ። መርፌው ሲገባ ቅንድቧ እንኳ አልተነቃነቀም። ነቄ በሩ ላይ ቆማ ብልሃቱን ፈለገች፤ እጅጌ ውስጥም አልነበረም።

«ዶክተር፣ እሷ እኮ ድሮም ፈዛዛ ናት» አለች አሁን፣ ጊዜ ለመግዛት።

ሐኪሙ ሳቁ። «መፍዘዝ ሳይሆን መመሰጥ ነው። አንዳንዱ ሰው ቶሎ ይመሰጣል፣ አንዳንዱ አይመሰጥም። አለመመሰጥ በሽታ አይደለም፤ ማደንዘዣው ለሁሉም ይሠራል። ለእህትሽ ግን መመሰጡ ፍርሃቱን አቅልሎላታል።»

«እኔስ?»

«ምን አውቄ! አንቺ እስካሁን የምታዪው የኔን እጅ ነው።»

ነቄ ዞረች። ፈዛዛ ጥጥ ነክሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«አንቺ፣ ቅድም በሐሳብሽ የት ሄደሽ ነው?»

«አውቶቡሽ ውሽጥ» አለች ፈዛዛ በደነዘዘ አፏ። «መሽኮት ዳር። ነፋሽ ነበረው።»

«ሹፌሩ ማነው?»

ፈዛዛ አሰበች። «ሹፌር የለውም።»

«ሹፌር የሌለው አውቶቡስ ተሳፈርሽ? አበድሽ እንዴ!»

«ደሽ ይል ነበራ!»

ነቄ ልትስቅ ስትል የእህቷን እጆች አየች። ጉልበቷ ላይ ዘና ብለው ተጋድመዋል። የራሷ እጆች ወንበሩን ጨምድደው ይዘዋል። እንዲህ ያለ ነገር የምታውቅ እህት ቤቷ ውስጥ ኖራ፣ እሷ ስታወራ የከረመችው ስለ ድስቱ ነው።

ጣቶቿን አንድ በአንድ ከወንበሩ አላቀቀች። መርፌውን ለመጨረሻ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

«እትዬ» አለች፣ «ቦታ ያዢልኝ።»

አፏን ከፈተች።