ያየኸኝ መስሎኝ

«የሚመጣው ማነው?» አሉ የካሊ አያት አቶ ኦርቪል መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው።

«ነጭ ፒካፕ ነው። አቶ ሌላንድ መሰሉኝ» አለች ካሊ ከጎናቸው።

አቶ ኦርቪል አንድ ጣታቸውን ከመሪው ላይ ከፍ አደረጉ። የመጣውም ሰው እንደዚያው ጣቱን አንስቶ አለፈ። በዚህ የሚሲሲፒ ገጠር መንገድ ላይ ሹፌር ያገኘውን ሁሉ በጣት ሰላም ሳይል አያልፍም። ያለፈ እንደሆነ «ምን አስቀየምነው? ኮራብን እንዴ?» እየተባለ ይታማል።

ካሊ አስራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከገና ወዲህ የአያቷ ዓይን እየደከመ ሄዷል፤ መጀመሪያ የመንገዱ ምልክት ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ የሰው ፊት። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ከታወቀ መንጃ ፈቃዳቸው መነጠቁ ነው፤ መኪና ከሌለ ደግሞ ምን ይበላል? የመንደሩ ሱቅ ከተዘጋ ቆይቷል። ሥጋና አትክልት ያለው ወንዙን ተሻግሮ ባለው ከተማ ነው፤ አውቶብስ የሚባል ነገር በዚህ በኩል ዝር ብሎ አያውቅም። ስለዚህ በየቅዳሜው እሷ ታያለች፣ እሳቸው ይነዳሉ።

ድሮ አቶ ኦርቪል ጎረቤቱን ሁሉ ጭነው ነበር የሚሄዱት። አሁን ግን እንዳይነቃባቸው ፈርተው «ቦታ የለም» ይላሉ። ካሊም አንድ ዘዴ አስተምራቸዋለች።

«አባባ፣ እኔ ሳልነግርዎ አንድ ነገር ጥላ ጥላ ካለብዎ ዝም ብለው ጣትዎን ያንሱ። ማን ያውቅብዎታል?»

«አንቺ ተንኮለኛ!» ብለው ስቀው ነበር።

ዛሬ ሲመለሱ ሰማዩ ጥቁር ደመና ነው። ከኋላ ወንበር ላይ የዶሮ እግር፣ ባሚያና የበቆሎ ዱቄት ተጭኗል። አንድ የባቄላ ቆርቆሮ ከፌስታሉ ሾልኮ እግሯ ሥር ተንከባለለና ካሊ ልታነሳው ጎንበስ አለች። ቀና ስትል አንዲት ሴትዮ የገበያ ጋሪ ይዘው አስፋልቱ ዳር ቆመዋል፤ እዚያው መኪናው አፍንጫ ሥር። የአያቷ ጣት ደግሞ ከመሪው ላይ ተነስቷል።

«አባባ! ወደ ግራ!»

መኪናው ተወላግዶ ጋሪውን ገጨና ቆመ።

ካሊ በሩን በርግዳ ወጣች። ጎረቤታቸው እትዬ ቨርና ቦዩ ውስጥ ሣር ላይ ተቀምጠዋል። ወተታቸው አስፋልቱ ላይ ፈሷል።

«እግዜር አወጣኝ!» አሉ ክርናቸውን እያሻሹ። «ኦርቪል፣ ምን ነክቶሃል አንተ? ጣትህን ስታነሳልኝ እኮ ያየኸኝ መስሎኝ ነው የቆምኩት! ባታነሳልኝ ገና ድሮ ዘልዬ ቦይ እገባ ነበር!»

ካሊ ክው አለች። ጣት አንሱ ያለችው እሷ ናት።

«ፀሐይ ወጋኝ» አሉ አቶ ኦርቪል የመኪናውን በር እንደያዙ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ፀሐይዋ ናት!»

እትዬ ቨርና ቀና ብለው ደመናውን አዩ። ከዚያ ወደ ካሊ ዞሩ። «ልጄ፣ እንዴት ነው ነገሩ?»

አዎ፣ ፀሐይዋ ናት ብትል ያልቃል። እትዬ ቨርና ቂም አያውቁም፤ ቅዳሜም እንደተለመደው ይኬዳል። እውነቱን ከተናገረች ግን አያቷን በገዛ አፏ እቤት አስቀመጠቻቸው ማለት ነው። አቶ ኦርቪል እንድታግዛቸው ፊታቸውን አዞሩላት። ግን ትንሽ ወደ ጎን ነበር ያዩት፣ እሷ ወደሌለችበት።

«አያዩም፣ እትዬ» አለች። «ከገና ጀምሮ ማየት አቅቷቸዋል። ጣት አንሱ ያልኳቸውም እኔ ነኝ።»

«ካሊ!» ብለው ጮኹ አያቷ፤ ድምፃቸው ግን መሃል ላይ ተሰበረ።

እትዬ ቨርና ሣሩን ከቀሚሳቸው እያራገፉ ተነሱ። «እና 'ቦታ የለም' ስትለኝ የከረምከው ለዚህ ነው? እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር! የሚነዳልኝ ባሌ ከሞተ ወዲህ ከነዳጅ ማደያው ሱቅ ዳቦና ወተት እጎትታለሁ፣ አንተ ታልፈኛለህ።»

«አፍሬ ነው፣ ቨርና» አሉ አቶ ኦርቪል። በሩን ሳብ አድርገው «በሉ ግቡ፣ ቀስ ብዬ ላድርሳችሁ። ትንሽ ነው የቀረን» አሉ።

ካሊ እጇን በመስኮቱ አስገብታ ቁልፉን ነቀለችና ኪሷ ከተተችው።

«በእግር ነው የምንሄደው፣ አባባ።»

«የሚመጣው ቅዳሜስ? ምን ልንበላ ነው?»

«አላውቅም» አለች። እውነቷን ነው፣ አላወቀችም።

ጋሪው አንድ ጎማው ቢጣመምም ይሄዳል። የዶሮውን እግርና አትክልቱን ጫኑበት፤ እትዬ ቨርና ጎተቱት። ካሊ የአያቷን እጅ ትከሻዋ ላይ አደረገች። የእግረኛ መንገድ የለም፤ አስፋልትና ሣር ብቻ ነው። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላ የከባድ መኪና ድምፅ መጣ። ካሊ አያቷን ወደ ሣሩ አሻገረቻቸውና እሷ በአስፋልቱ በኩል ሆነች።