ለጣሪያው የሚሆን ሸክላ

«እንካ ብሩሹን። ‹የሳይንስ ትምህርት ቤት ለመግባት› ብለህ ጻፍ፤ ስምህንም እንዳትረሳ» አለችው እናቱ፣ ጥቁሩን የጣሪያ ሸክላ ግቢው ውስጥ ባለው ጠረጴዛ ላይ ፊቱ እያስቀመጠች።

ሃንግዮል ብሩሹን ነጩ ቀለም ውስጥ ነከረና ቀና አለ። የቡድሃ ቤተ መቅደሱ ጣሪያ በታደሰ ቁጥር ምእመናን ምኞታቸውን የጻፉባቸው ሸክላዎች እዚያ ላይ ይደረደራሉ። ከሥራቸው አረንጓዴና ቀይ የተቀቡት ተሸካሚ እንጨቶች፣ ያለ አንዲት ምስማር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። አይቶ አይጠግባቸውም።

«ምነው ፈዘዝክ? ፈተናው ላይም እንዲህ ልትፈዝ ነው?»

ይሄኔ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በአጠገባቸው ሲያልፉ ቆም አሉ። «አንተ ልጅ፣ መጣህ? ቅዳሜ ስትቀር አሞት ይሆን እንዴ ብዬ ነበር።» ፈገግ ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የእናቱ ፊት ተለዋወጠ። «ቅዳሜ? ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ላይ አይደለህ እንዴ?»

ሃንግዮል ጆሮው ጋለ። ከሌላ ልጅ ጋር ተምታቶባቸው ነው ሊላት ይችል ነበር። አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«እፎርፋለሁ» አለ። «እዚህ መጥቼ ይሄን ቤተ መቅደስ እስላለሁ። እማ፣ የሳይንስ ትምህርት ቤት አልፈልግም። የእንጨት ሥራ የሚያስተምሩበት ነው መግባት የምፈልገው።»

«የእንጨት ሥራ! ወንበር ልትሠራልኝ?»

«ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

ጥጉ ላይ ወዳለው ምሰሶ ወሰዳት። የቆመበት ድንጋይ ያልተጠረበ፣ ጎርባጣ ነው። የምሰሶው እግር ግን ድንጋዩ ባበጠበት ገባ፣ በጎደጎደበት ወረድ ብሎ ስለተፈለፈለ በመካከላቸው ወረቀት እንኳ አያልፍም። እናቱ ጎንበስ ብላ መጋጠሚያውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ድንጋዩን መጥረብ አይቀላቸውም ነበር?»

«ይቀላቸው ነበር።»

«ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህ ስሰግድ አንድም ቀን አላየሁትም» አለች። ቀና አለች። «ለአባትህ የምትነግረው አንተ ነህ። እኔን እንዳታስገባኝ።»

«እነግረዋለሁ። ዛሬውኑ።»

ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። ብሩሹ ደርቆ ስለነበር እንደገና ነከረውና የሚፈልገውን ትምህርት ቤት ስም መጻፍ ጀመረ። እናቱ በትከሻው አሻግራ ታይ ነበር።

«ተንጋደደ እኮ» አለችው በመጨረሻ። «ጣሪያ ላይ ለሚወጣ ነገር ቀስ ብለህ ጻፍ።»