አራተኛው ቤት ላይ

ወንድ ልጅ ዓይኑ ሴት ላይ ሲያርፍ ስልኳን ይጠይቃል፤ ያለና የነበረ ነው። ባሮክ ግን ሔርሞንን መጀመሪያ የጠየቃት የአያቷን ስም ነው። ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ አጀማመር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በጥር ወር፣ እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ ነበር። የአሜሪካዋ ኮሎምበስ በረዶ ለብሳለች። የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ የሔርሞን መኪና አልነሳ አለች። ሔርሞን ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ሬይኖልድስበርግ ከእናቷ ከእትዬ ዓለምነሽ ጋር ትኖራለች፤ ሥራዋ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መንከባከብ ነው። ቁልፉን ብታዞር፣ ብታዞር ዝም። ያኔ አንድ ረጅም ሰው ኬብል ይዞ መጣና ሳይጠየቅ ጃምፕ አደረገላት። መኪናዋ ጓ ብላ ስትነሳ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ።

«የጅማ ልጅ ነሽ አሉ?»

«እናቴ ናት።»

«አያትሽ ማን ይባላሉ?»

«ምን?»

«በእናትሽ በኩል። አያትሽ።»

«ዳዊ» አለች ሳታስበው።

«የእሳቸው አባትስ?»

«እኔ እንጃ! ሰው ስልክ ይጠይቃል፣ አንተ አጥንት ትቆጥራለህ?»

ባሮክ አፈረ። ኬብሉን መጠቅለል አቅቶት እጁ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። «ይቅርታ... ስልክሽንም ልጠይቅ ነበር። ቅደም ተከተሉ ጠፋብኝ።»

ሔርሞን ሳቀች። ሳቋ ነው ነገሩን ያበላሸው፣ ወይም ያሳመረው።

ባሮክ እብድ አልነበረም። አባቱ ጋሼ ዘውዴ የዘራቸውን ሐረግ ሲቆጥሩ አያታቸው ደስታ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ደስታ በጣሊያን ጊዜ፣ አንድ ጣሊያን ጅማ አጠገብ ባቀናው የቡና እርሻ ላይ ሲሠሩ ኖረው ሞቱ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚነግር ጠፋ። ስለዚህ ባሮክ በሥራ ቀን ሂሊያርድ ባለ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ በእረፍቱ ቀን ላይብረሪ ይቀመጣል። ጣሊያን አገር ላለ አንድ ቤተ መዛግብት ደጋግሞ ጽፎ፣ በዓመቱ የእርሻውን የሠራተኛ መዝገብ ስካን አድርገው ላኩለት። ሰባ ሁለት ገጽ የእጅ ጽሑፍ! ስሙ በጣሊያን ፊደል ተራ የተደረደረ ስለሆነ፣ በቀጥታ ወደ «ዲ» ፊደል ሄደና ደስታን አገኘው። «ደስታ ዲ ወልደየሱስ» ይላል፤ «ዲ» በጣሊያንኛ «የ» ማለት ነው፤ ባሮክም «የወልደየሱስ ልጅ» ብሎ አነበበው። ከበላዩ ደግሞ ሌላ ሰው ተጽፏል፤ «ዳምጤ ዲ ወልደየሱስ።»

«ወንድም ነበራቸው!» ብሎ ባሮክ ለአባቱ ኮል አደረገ። ጋሼ ዘውዴ አለቀሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጅማ ሰው ባየ ቁጥር አያቱን የሚጠይቀው የዳምጤን ዘር ፍለጋ ነው። ዘመድ ፍለጋ።

ያን እሑድ ግን ዘመድ ሳይሆን ፍቅር አገኘ።

ስምንት ወር እንደ ስምንት ቀን አለፈ። ሺፍቱ ሲያልቅ ሬይኖልድስበርግ ድረስ ይነዳል፤ እሷ ከሥራ ስትወጣ ሻይ ይዞላት ይቆማል። እናቷ እንዳትሰማ ይደባበቃሉ፤ እንደ ሃያ ዓመት ልጆች። በመስከረም ግን ባሮክ ቆረጠ።

«ሽማግሌ ልልክ ነው ሔርሚ።»

«መጀመሪያ እናቴን ተዋወቃት።»

እትዬ ዓለምነሽ አስተናግደው አበሉት፣ አጎረሱት፣ ወደዱት። ሲጨርስ እጃቸውን ጠርገው አንድ ነገር አሉ።

«ልጄ፣ እኔ ከባድ ሰው አይደለሁም። ሰባት ቤት ይቆጠር፣ ያ ብቻ ነው የምፈልገው። አሜሪካ ስለሆንን ደም ውኃ አይሆንም። እኔ ልጀምር፤ ዓለምነሽ ዳዊ፣ ዳዊ ዳምጤ። ዳምጤ የጣሊያን እርሻ ላይ ነበሩ፣ ከዚያ በላይ አላውቅም። አንተ ቀጥል።»

ባሮክ አልቀጠለም። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። «ነገ እነግርዎታለሁ እትዬ» ብሎ ተነሣና ወጣ። ሔርሞን በር ድረስ ሸኘችው፤ እሱ ግን ዓይኗን አላየም።

ነገ አልደወለም። ከነገ ወዲያም። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ቢዚ ነኝ» የምትል ቴክስት ብቻ። ሔርሞን ሌላ ሴት ይዞ ነው አለች። ወይ ቤታችንን አይቶ ናቀን አለች። ሰው ዝም ሲባል የማያስበው የለም። በአራተኛው ሳምንት ግን ተነሥታ ሂሊያርድ ሄደች፤ ሺፍት ሲለቀቅ በር ላይ ጠበቀችው።

«ሰው ካገኘህ ንገረኝ፤ እሰናበትሃለሁ። እንዲህ በዝምታ ግን አትግደለኝ!»

«ሰው አግኝቻለሁ» አለ ባሮክ። «ዳምጤን አገኘሁት። ስፈልገው የነበረውን ዘመዴን... አንቺ ነሽ ሔርሚ።»

ስልኩን ከፍቶ አሳያት። ሁለት ስም፣ አንዱ ከአንዱ በታች፣ አንድ አባት። በጣቷ ቆጠረች፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ወልደየሱስ። አራተኛው ቤት ላይ ተገናኙ።

«ለምን ያን ቀን አልነገርከኝም?»

«ካልተናገርኩት እውነት የማይሆን መስሎኝ።»

ሔርሞን ለእናቷ ነገረቻቸው። እትዬ ዓለምነሽም አለቀሱ፤ ግን ቃላቸው ቃል ነው። «በዝምድናችሁ ደስ ይበላችሁ። ጋብቻው ግን ቀርቷል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ፣ ሊያጽናኗት ብለው፣ «ወንድምሽ ደህና ነው? ወንድምሽ ኮል አላደረገም?» ይሏታል። ወንድምሽ! ያቺ ቃል በቀን ሦስት ጊዜ ትወጋታለች።

ሔርሞን ግን እጅ የምትሰጥ ልጅ አልነበረችም። «መዝገቡን የጻፈው ሰው ነው» ብላ ለባሮክ ጻፈችለት። «ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ሰባ ሁለቱንም ገጽ ላክልኝ።» ላከላት። ተስፋ ግን አልነበረውም።

የምትንከባከባቸው እትዬ ሞሚና ሚነርቫ ፓርክ ነው የሚኖሩት፤ የአጋሮ ሴት፣ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ግን ስለት። ጠዋት እግራቸውን ስታሽላቸው ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ዛሬም አለቀስሽ። ማነው እሱ?»

ነገረቻቸው።

«እና ሁለት ስም አይታችሁ ቀሪውን ከደናችሁት?»

«ቤተሰባችን እዚያው 'ዲ' ላይ ነዋ እትዬ፤ እሱን ደጋግሜ አይቻለሁ።»

«የኔ ልጅ፣ ሰው ሐዘን ቤት ሲሄድ ደጅ ላይ አይመለስም። ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። እኔም ያገሬን ሰው ስም እሰማለሁ፣ እግሬም ይታሻል።»

ሔርሞን በግራ እጇ ስልኩን ይዛ ከ«ኤ» ጀመረች። አባ ቢያ፣ አባ ጎጃም፣ የዚያ አገር የድሮ ሰዎች። እትዬ ሞሚና «እህ... እህ...» እያሉ ይሰማሉ። ከዚያ፦

«አብዱልቃድር ዲ ወልደየሱስ።»

«ቁሚ!» አሉ እትዬ ሞሚና። «እንደገና በይው።»

«አብዱልቃድር... ዲ... ወልደየሱስ።»

አሮጊቷ ሳቅ ጀመሩ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ያ አላህ! ይኼ ወልደየሱስ የሚባል ሰው ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው፣ ልጁን አብዱልቃድር የሚለው? ቀጥይ! ቀጥይ!»

ቀጠለች። ጀማል ዲ ወልደየሱስ። ኩምሳ ዲ ወልደየሱስ። ኡስማን ዲ ወልደየሱስ። ሲቆጠሩ ሠላሳ አንድ! «ዩ» ላይ ስትደርስ ደግሞ ራሱ ሰውዬው ብቅ አለ፤ ጣሊያን «ወ»ን የሚጽፈው በ«ዩ» ነው። ወልደየሱስ፣ ዕድሜው ሃያ አምስት፣ ከጎኑ «ካፖ» ይላል። ደስታ ግን በዚያው መዝገብ አርባ አንድ ዓመቱ ነው።

«ካፖ ምንድነው እትዬ?»

«ካቦ ነዋ! የሠራተኛ አለቃ!» እትዬ ሞሚና ጭናቸውን መቱ። «አባቴም ቡና ለቀማ ይወጣ ነበር። ጠዋት ሲሰለፉ 'የማን ነህ?' ይባላሉ። 'የእገሌ ነኝ' ብሎ የካቦውን ስም ነው የሚናገር። ጣሊያኑ 'የማን ነህ' አለ፣ እነሱም 'የወልደየሱስ' አሉ፣ ጻፈ! 'የማን ልጅ ነህ' ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ አባቱን ይነግረው ነበር። በአንዲት 'ልጅ' ጉድለት ነው የእናንተ ልጅነት የሚቃጠለው?»

ሔርሞን ደወለች። ባሮክ ሥራ ላይ ነበር፤ ቢሆንም አነሣ።

«ወልደየሱስ ስንት ልጅ ወለደ?»

«ምን?»

«ሠላሳ አንድ! ከነአብዱልቃድር! ደስታን ደግሞ ከመወለዱ ዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት ወልዶታል!»

«ሔርሚ፣ ደህና ነሽ?»

«ካቦ ነው ባሮኬ! አባት አይደለም፣ ካቦ ነው!»

«ንገሪው!» ይላሉ እትዬ ሞሚና ከኋላ። «ንገሪው፣ ስንፍናውንም ንገሪው! ሁለት ስም አንብቦ ሴት ይለቃል?»

ባሮክ ፎርክሊፍቱን አጥፍቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ሰዎች የታመመ መስሏቸው ከበቡት።

በማግስቱ ቅዳሜ ላይብረሪ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የቀሩትን ገጾች አንድ በአንድ አገላበጡ። መጨረሻ አካባቢ የእርሻው ሐኪም ለፈንጣጣ ክትባት የመዘገበው አለ፤ ጽሑፉ ሌላ እጅ ነው፣ አጠያየቁም ሌላ። ስም፣ የአባት ስም፣ የተወለዱበት አገር። ሔርሞን በጣቷ እየተከተለች ወረደች።

«ደስታ፣ አባት ጉደታ፣ ሊሙ።»

«ዳምጤ...» አለ ባሮክ። ጮክ ብሎ ማንበብ ፈርቶ እጇን ያዘ።

«አባት በዳዳ፣ ወሊሶ» አለች እሷ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ጉደታና በዳዳ! ሊሙና ወሊሶ! እንኳን ወንድም ጎረቤትም አይደሉም!»

ላይብረሪው ውስጥ ዝምታ ነው ሕጉ። ባሮክ ግን ሕጉን አላከበረም፤ ሳቀ፣ ደግሞ አለቀሰ። የላይብረሪው ሠራተኛ ቀና ብላ አየቻቸውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከባዱ ለጋሼ ዘውዴ መንገር ነበር። ዓመት ከምናምን «እኛ የወልደየሱስ ዘር» ሲሉ ከርመዋል። ባሮክ ሲነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ በሰው ካቦ ስኮራ ከረምኩ በለኛ። ጉደታ...» ስሙን በአፋቸው እያዞሩ ቀመሱት። «ጉደታ። ይኼ ይሻላል፤ ይኼ የአባት ስም ነው። በል፣ ጫማዬን አምጣልኝ፣ ሽማግሌ አስቸግራለሁ።»

በሳምንቱ እትዬ ዓለምነሽ ቤት ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጋሼ ዘውዴ ቆጠሩ፤ እትዬ ዓለምነሽ ቆጠሩ። አራተኛው ቤት ላይ አንዱ «ጉደታ» አሉ፣ ሌላይቱ «በዳዳ» አሉ፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ እፎይ አለ። ከዚያ ወዲያ የሚቆጥር ስም የለም፤ እትዬ ዓለምነሽ ግን «ሊሙና ወሊሶ ስንት ቀን ያስኬዳል? ያ መንገድ ለኔ ሦስት ቤት ነው» አሉ። ባሮክን ፈልገው አንገቱን አቀፉት።

«ይቅር በለኝ ልጄ፤ ወንድሟ ከመሆን ለትንሽ አመለጥክ።»

ትልቁ ሽማግሌ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለቱን አቆሟቸው።

«በእግዚአብሔርና በእኛ ፊት መልሱ። ዘመድ ናችሁ?»

ባሮክ ሔርሞንን አያት። ሔርሞን ቀድማ መለሰች።

«አይደለንም አባቴ። ገና ልንሆን ነው።»