ልቀቅ ያለው ማን ነው?

የዘካሪያስ አስከሬን ከታችኛው ዋሻ የወጣው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም፤ ሰውየው ግን አፍና አፍንጫው ጭቃ ሞልቶ፣ በጎርፍ ሰጥሞ ሞቷል። ይህ ለቆላው ሰው ብርቅ አይደለም። ነሐሴ ላይ ራያ ውስጥ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ከተፍ ይላል። ያነጋገረው ሌላ ነገር ነው። ያ ውሃ ወደ ዋሻው ሊደርስ የሚችለው ሰው ከላይ የአፈሩን ግድብ በዶማ ከቆረጠው ብቻ ነበር።

ቦታው በቆቦና በጎብዬ መካከል ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ማዕድን ፍለጋ ቆፍሮት ሄደ፤ ምን እንዳገኘበት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አሁን የወጣቶች ማኅበር አጥሮት፣ የዛጉትን ፉርጎዎች ቀለም ቀብቶ «ታሪካዊ የማዕድን መናፈሻ» የሚል ታፔላ ሰቅሎበታል። እሑድ እሑድ ቤተሰብ ምሳውን ይዞ ይመጣል፤ የዘካሪያስም ቤተሰብ ያን ቀን ለዚሁ መጥቶ አንድ ዋርካ ሥር አርፎ ነበር።

ከቆቦ ፖሊስ የተላከችው ኢንስፔክተር ጀዊሪያ ናት። ዋጃ ውስጥ፣ እርሻውን በጎርፍ ከሚያጠጣ ገበሬ ቤት ተወልዳ ያደገች፣ ብዙ የማትናገር ሴት። ስትደርስ የዋሻው ጠባቂ ረመዳን ሁለት እጁ በካቴና ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን የከበበው ሰው ፖሊሶቹ ባይኖሩ ኖሮ አይምረውም ነበር።

«ቁልፉ የሱ፣ በሩ የሱ» አለ የሟቹ አጎት ካሳ። «ጠዋት ከዘካሪያስ ጋር ሲጨቃጨቁ ሁላችንም ሰምተናል።»

«በምን ነገር ተጨቃጨቃችሁ?» አለች ጀዊሪያ ወደ ጠባቂው ዞራ።

«የታችኛው ዋሻ ለጎብኚ አይፈቀድም አልኩት» አለ ረመዳን። «እሱ ግን ‹አያቴ ስሙን ግድግዳው ላይ ቀርጿል፣ ለእናቴ አሳያታለሁ› አለኝ። ከለከልኩት። ኋላ ለዙህር ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቅዬ ልሰግድ ሄድኩ። ስመለስ ቁልፉ የለም፣ ዋሻው ውሃ ሞልቷል። ወላሂ፣ እህቴ፣ ሌላ የማውቀው የለም።»

ጀዊሪያ አመነችው። ማመኗ ግን ለረመዳን አንዳች አልፈየደለትም። ረቡዕ ጠዋት ፍርድ ቤት መቅረቡ አይቀርም፤ እስከዚያ ሌላ ሰው ካልተገኘ በነፍስ ግድያ ይከሰሳል። ሚስቱ ሁለት ልጆች ይዛ አጥሩ ሥር ቆማ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

ኢንስፔክተሯ ውሃው የወረደበትን ቦይ ተከትላ ወደ ላይ ወጣች። በዋሻው አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ማኅበሩ ባለፈው ሳምንት ለጎብኚ ደረጃ ሲሠራ የቦዩን ጠርዝ ዝቅ አድርጎታል። ስንት ዓመት ዋሻውን አልፎ ወደ እርሻ ሲወርድ የኖረው ውሃ በዚያ ዝቅ ባለ ጠርዝ ተገልብጦ ዋሻው ውስጥ ገብቷል። ላይ ሆኖ ግድቡን የሚቆርጥ ሰው ይህን ሊያይ አይችልም።

ግድቡ ዘንድ የውሃ አባቱ አለሙ ዶማውን አቅፎ ተቀምጧል። ጎርፉን ለየእርሻው የሚያከፋፍለው እሱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሲያከፋፍል አንድም ሰው ተበደልኩ ብሎት አያውቅም።

«ጎርፉ ራሱ ሰብሮት ነው» አለ ሳይጠየቅ።

ጀዊሪያ ጎንበስ ብላ አየች። ከግድቡ የሚነሱት ቦዮች ሦስት ናቸው። ሁለቱ እንደተዘጉ ናቸው፤ ሦስተኛው አፉ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፣ የዶማው ምልክት ገና አልፈረሰም።

«ጋሽ አለሙ፣ እኔ የዋጃ ልጅ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይዋሹኛል?»

ሽማግሌው ዶማውን ከእቅፉ አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ። «ቆርጬዋለሁ» አለ። «ጠርቼ፣ ተመልሶልኝ ነው የቆረጥኩት።»

«ማን መለሰልዎ?»

«ሰው።»

«ሰውማ ሰው ነው። ማን?»

«ከፈለግሽ እሰሪኝ» አለና ፊቱን አዞረ። ከዚያ በኋላ ቢለምኑትም ቢያስፈራሩትም አንዲት ቃል አልወጣውም።

ይህን አገር ለማያውቅ ልንገር። የውሃ አባት ዝም ብሎ አይቆርጥም። የቦዩን ባለቤት ስም ጠርቶ «ልልቀቀው?» ይላል። ባለቤቱ ከታች ሆኖ መንገዱ ነፃ መሆኑን አይቶ «ልቀቅ» ሲል ብቻ ይቆረጣል። የሌላው ሰው መልስ አይቆጠርም። የተቆረጠው ቦይ ደግሞ የሟቹ እናት የእማማ በላይነሽ ነው። ባሏ ሲሞት ግማሹ እርሻ ለወንድሙ ለካሳ ስለደረሰ፣ ካሳም ለዚያ ቦይ ጥሪ ይመልሳል። በዚሁ እርሻ ድንበር የተነሳ ካሳና ዘካሪያስ ከፋሲካ ወዲህ አይነጋገሩም ነበር።

እንግዲህ የማንም ሰው ጣት ወደ ካሳ ቢቀሰር አይፈረድበትም።

«ውሃው ሲለቀቅ የት ነበርክ?» አለችው ጀዊሪያ በማግስቱ ከቀብር መልስ።

«ጎብዬ።»

«ምሳ ጥለህ?»

«ሼህ መንሱርን ላመጣ። ሁላችንም አንድ ላይ በተሰበሰብንበት ከልጁ ጋር ያስታርቁኝ ብዬ ነው። ይዣቸው ስመጣ አስከሬኑ ወጥቶ ደረስኩ። አሁን ማን ያምነኛል?»

ጀዊሪያ ጎብዬ ድረስ ሄደች። ሼህ መንሱርም፣ ያመላለሳቸው ባለ ባጃጅም ቃሉን አረጋገጡለት። ካሳ ነፃ ነው። ከካሳ ቀጥሎ ማን እንደሚቀር ስታስበው ሞተሩን ሳታስነሳ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ቀረች።

ሌላ ሰው ይገኝ እንደሆነ ብላ የዘካሪያስን እጮኛ ቆንጅትን ጠየቀች። ቆንጅት የደሴ ልጅ ናት፣ ወደ ቆላ ስትወርድ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ዋርካው ሥር ከእማማ ጋር ማን ነበር?»

«እኔ ብቻ። እሳቸው ምሳውን ያቀርባሉ፣ እኔ ሳህን አብሳለሁ። በሕይወታቸው ለመዝናናት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው፤ ዘኪ ነው ለምኖ ያወጣቸው። ቆይ አንድ ነገር አሳያችኋለሁ ብሎን ሄደ።»

«የሚጣራ ሰው ሰማሽ?»

«ከሩቅ አንድ ሽማግሌ ጮኸ፤ ምን እንዳለ አልገባኝም። እማማ አቤት አሉት መሰለኝ። ሰላምታ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ጀዊሪያ ደብተሯን ዘጋች።

ማክሰኞ ከሰዓት ወደ ለቅሶው ድንኳን ገባች። በላይነሽ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ኢንስፔክተሯን ስታይ እጇን ያዘቻት።

«ልጄን ማን እንደበላው ሳትነግሪኝ እንዳትወጪ። እኔ ሌላ የለኝም። ያ ጠባቂ ከሆነ...»

ከላይ በኩል የሰው ድምፅ መጣ። ጎርፍ ለቅሶ አያውቅም፤ አለሙን ተክቶ የዋለው ጎረቤት ተራ በተራ እየተጣራ ነው። «የበላይነሽ ቦይ! ልልቀቀው?»

«ልቀቅ!» አለች በላይነሽ፣ አንገቷን ወደ ውጭ መለስ አድርጋ፣ «...ያ ጠባቂ ከሆነ ዓይኑን እያየሁ ልጠይቀው። ምን አደረገህ ብዬ።»

ከጀዊሪያ በቀር ማንም ልብ አላለም። በላይነሽ ራሷም አላለችም። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ጀዊሪያ ያንን እጅ ማስለቀቅ አቃታት፤ ብትችል ወጥታ በሄደች፣ መዝገቡንም ለሌላ ሰው ባስረከበች ነበር። ግን ረመዳን ነገ ጠዋት ይከሰሳል።

ካሳን፣ ቆንጅትንና አለሙን አስጠርታ ሌላውን ሰው አስወጣች።

«ዘካሪያስን በክፋት የገደለው ሰው የለም» ብላ ጀመረች። «ቁልፉን ያነሳው ራሱ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። በሩን የዘጋበት ደለሉ እንጂ ረመዳን አይደለም። ውሃው ወደ ዋሻው የዞረው ደረጃ ሲሠራ የቦዩ ጠርዝ ስለተነካ ነው። ጋሽ አለሙ የቆረጡት ጠርተው፣ ተመልሶላቸው ነው።» እዚህ ላይ ቆመች። ቢበቃ ምንኛ በወደደች።

«ማን መለሰ?» አለች በላይነሽ።

«እማማ፣ ይህ ይበቃናል።»

«ማን መለሰ? በዚያ ቦይ የሚመልሰው ካሳ ነው።»

«ካሳ ጎብዬ ነበር። ምስክር አለው።»

አለሙ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ማንም አልመለሰም» አለ። «ሳልጠራ ቆረጥኩት። እኔ ነኝ፣ ጻፊው።»

ጀዊሪያ አየችው። ሽማግሌው ይህንን ውሸት ይዞ እስር ቤት ሊገባ እንደቆረጠ ገብቷታል። ብትጽፈው ረመዳን ይወጣል፣ እናቲቱም ሳታውቅ ትኖራለች። እስክሪብቶዋን አነሳች። አልጻፈችም፣ አላስቀመጠችውምም።

«አለሙ» አለች በላይነሽ ቀስ ብላ። «አንተ ሳትጠራ ቆርጠህ አታውቅም።»

አለሙ አንገቱን ደፋ። በላይነሽ ካሳን አየችው፣ ቆንጅትን አየቻት፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ሰበሩ። ቆንጅት «አቤት» የመሰላት ቃል «ልቀቅ» እንደነበረ አሁን ገና ገብቷት አፏን በእጇ ይዛለች።

«ዋርካው ሥር ሆኜ?»

አለሙ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ።

«እንጀራ እያቀረብኩ» አለች፤ ጥያቄ አልነበረም። «ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም።»

«ጠርዙን እርስዎ አልነኩትም» አለች ጀዊሪያ። «ዘካሪያስ እዚያ መኖሩን አያውቁም። እዚህ አገር የተወለደ ሁሉ እንደዚያው ነበር የሚመልሰው፤ እኔም ብሆን። ሕጉ እርስዎን የሚጠይቅበት አንቀጽ የለውም።» እውነቷን ነው። ግን የተናገረችው ሁሉ ለማንም የማይጠቅም መሆኑን እየተናገረች ታውቀዋለች።

«ጠባቂው ልጆች አሉት?» አለች በላይነሽ።

«ሁለት።»

«ፍቺው። አሁኑኑ።»

ጀዊሪያ ስልኳን አውጥታ ጣቢያ ደወለች። የረመዳን መዝገብ እንደተዘጋና እንዲለቀቅ ነገረቻቸው። ስትጨርስ በላይነሽ ደብተሩን እያየች ነበር።

«ስሜን ጻፊ።»

«እማማ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ጥፋተኛ ብዬ አልጽፍም።»

«እናቱ ናት ብለሽ ጻፊ» አለች በላይነሽ። «ልቀቅ ያለችው እናቱ ናት።»

ጀዊሪያ እንዳለቻት ጻፈች።