«ዝጊው»

ይዲድያን ከጠየቃችሁት፣ ሐሙስ ዕለት ደንበኛ ፊት ያዋረደችው የኔነሽ ናት። ስዊቹን ዝጊው ብሎ በስልክ ነገራት፤ አልዘጋችውም፤ ዳታው ተበላሸ። በቃ።

የኔነሽን ከጠየቃችኋት ደግሞ፣ ዝጊው አላት፣ ዘጋችው። እንዲያውም «እርግጠኛ ነህ?» ብላዋለች። «ዝጊው ስልሽ!» ብሎ ጮኸባት። ዳታው የተበላሸው የታዘዘችውን በማድረጓ ነው። በቃ።

ሁለቱም አልዋሹም። ንዴታቸው ሊበርድ ያልቻለውም ለዚህ ነው፤ አንዳቸው ቢዋሹ ኖሮ የዋሸው አፍሮ ነገሩ ባለቀ ነበር።

የሚሠሩት ላይን ድራይቨር ነው፤ በረጅም ኬብል ውስጥ ዳታ በፍጥነት የሚገፋ ሰርኪዩት። መግፋቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ኬብሉ ጫፍ ላይ ሲግናሉን ተቀብሎ የሚውጥ ሬዚስተር ከሌለ፣ ሲግናሉ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለስና ከኋላው ከሚመጣው ጋር ይላተማል። የተጣሉበት ስዊች ያንን ሬዚስተር ከመስመሩ ጋር የሚያገናኝና የሚለይ ነበር።

የተዋወቁትም እዚያው ሥራ ቦታቸው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ፈረንጁ አለቃቸው ሊዮ «የን» ብሎ ሲያስተዋውቃት፣ ይዲድያ ሙሉ ስሟን ጠየቃት።

«የኔነሽ።»

«ታዲያ እኔ ሰው ፊት እንዴት ብዬ ነው የምጠራሽ?»

«እንደ ሊዮ ጥራኝ።»

«ሊዮማ የሚለውን አያውቅ!»

ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራውንም ፍቅሩንም በአማርኛ አደረጉት። ቮልቴጁን «ትንሽ ጨምሪበት»፣ ሲግናሉን «ምን ነካው ዛሬ?» ይባባላሉ። ሌላ ሰው አይሰማቸውም። ያ ቋንቋ በመሃላቸው የተዘረጋ የግላቸው መስመር ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ወዳለ አንድ ፋብሪካ፣ ሰርኪዩቱን ለደንበኞች ሠርተው ሊያሳዩ ሄዱ። ይዲድያ ከሊዮና ከደንበኞቹ ጋር በወዲህኛው የኬብል ጫፍ፣ የኔነሽ ስዊቹ ጋ ስልክ ይዛ ብቻዋን በወዲያኛው ቆሙ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ዳታ ፍርስርሱ የወጣ ነበር። ይዲድያ ደንግጦ የድራይቨሩን ጉልበት ጨመረ። ባሰበት። ድራይቨሩ ሲጮኽ ማሚቶውም አብሮት ጮኸ። ደንበኞቹ ጃኬታቸውን አነሡ።

ፓርኪንጉ ውስጥ ነገሩ ፈነዳ።

«ዝጊው አልኩሽ!»

«ዘጋሁት!»

«አልዘጋሽውም!»

«በገዛ እጄ የዘጋሁትን ነው አልዘጋሽውም የምትለኝ?»

ሊዮ በእንግሊዝኛ ጣልቃ ገባ። «ስዊቹን የነካው ማነው?»

ይዲድያ መሬት መሬቱን አየ። አንዲት ቃል ቢናገር ይሻል ነበር፤ ዝምታው ጣት ሆኖ እሷ ላይ ተቀሰረ። አርብ ጠዋት ሊዮ ከዲዛይኑ አውጥቶ የዕቃ አጠቃቀም መመሪያ እንድትጽፍ መደባት። የሰርኪዩቱን ግማሽ የነደፈችው እሷ ነበረች።

እሁድ ደግሞ ከይዲድያ ዘንድ ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን ነው። ቀኑ ከተቆረጠ ወር አልፎታል።

«እንዳይመጡ ልደውልላቸው እንዴ?» አሉ አባቷ ጋሽ ተክሌ፣ ፊቷን አይተው።

«ይምጡ አባዬ። መልሱን እኔ ነኝ የምሰጠው።»

ጋሽ ተክሌ ምን ዓይነት መልስ እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈሩም። ፓርክዴል ሰፈር ባለው ጠባብ አፓርትመንታቸው ውስጥ፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ዜና ሲመለከቱ የሕንፃው በር ደወል ጮኸ።

«መጡ መሰለኝ። የኔነሽ፣ ያንን ቴሌቪዥን ዝጊልኝ።»

ሪሞቱን አንሥታ አጠፋችው። እጇ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

ዝጊልኝ አሏት፤ አጠፋች። ከልጅነቷ ጀምሮ ቴሌቪዥን ዝጊ ስትባል ስታጠፋ፣ ምድጃ ዝጊ ስትባል ስታጠፋ ነው ያደገችው። ሰርኪዩት ግን ሲዘጋ ነው መስመሩ ተገናኝቶ የሚበራው። ይዲድያ አገናኚው ማለቱ ነበር!

መሳቅ ነበረባት። ይልቁንም ንዴቷ ባሰ። ጠይቃው ነበር እኮ! ከመጮኹ በፊት አንድ ቃል ቢጨምርላት ኖሮ!

ሽማግሌዎቹ በኤሌቬተር ሲወጡ እሷ በደረጃ ወረደች። ይዲድያ፣ ሽማግሌዎቹን ያመጣበት መኪና ውስጥ መሪውን ጨብጦ ተቀምጧል። መስኮቱን መታችው።

«ዝጊው ስትለኝ ምን ማለትህ ነበር?»

«ዛሬም እሱን? ሰርኪዩቱን ዝጊው ነዋ! አገናኚው!»

«እናትህ መብራት ዝጋ ሲሉህ ታበራለህ?»

«አጠፋለ…» ብሎ ሳይጨርስ ነገሩ ገባው። ከዚያ የከንፈሩ ዳር ተንቀጠቀጠ።

«እንዳትስቅ!»

«አልሳቅሁም።»

«ጥርስህ እየታየ?»

«የኔነሽ…»

ከሐሙስ ወዲህ ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። ልቧ ሸርተት አለባት፤ በመሸርተቱም ተናደደች።

«በስሜ ልታመልጥ አትሞክር። ቃሉ የሁለታችንም ጥፋት ነው፤ እኔም ‹ላጥፋው ወይ?› ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። እሱን ትቼዋለሁ። ሊዮ ፊት አፍህን ስትዘጋ ግን፣ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ አሳምረህ ታውቅ ነበር!»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። የመኪናውን ማሞቂያ አጠፋ።

«ፈራሁ» አለ። «እኔን ያወጣኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ ስወጣስ?»

«ያኔ ደግሞ አፈርኩ። ከፈራሁ በኋላ ማፈር ቀላል ነው።» ቀና ብሎ አያት። «ነገ እነግረዋለሁ። ዝጊው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስትጠይቀኝ የጮኽኩባትም እኔው ነኝ እለዋለሁ። ቢያወጣኝ ያውጣኝ።»

«ውረድና ተከተለኝ።»

«ወዴት? ሽማግሌ ልኮ አብሮ የሚገባ ማን አለ? ነውር ነው እኮ!»

«ከሐሙሱ ነውር አይበልጥም። ና።»

ላይ ቤት ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ቆመዋል። አንጋፋው ሽማግሌ ጋሽ ገብረክርስቶስ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ጉዳያችን ካልተፈጸመልን አንቀመጥም» እያሉ ነበር። ይዲድያ ከኋላዋ ሲገባ ንግግራቸውን አቋረጡ።

«አንተ ደግሞ ምን ቆርጦህ መጣህ? አላምናቸውም ብለህ ነው?»

ይዲድያ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ።

«እህ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ተክሌ ቀስ ብለው። «የእንግዶቹ እግር ዛለ። ምን ልበላቸው?»

የኔነሽ ወደ በሩ ዞረች። ይዲድያ ፊቱ ቀልቷል፤ ዓይኑን ግን በዚህኛው ጊዜ ከዓይኗ አላነሣም።

«አባቶቼ፣ እናንተ ተቀመጡ» አለች፤ ቁጣው ገና ከድምጿ አልወጣም። «አገባዋለሁ። እሱ ግን አለቃችን ፊት የዘጋውን አፉን ነገ እስኪከፍት ድረስ፣ እዚያው እንደቆመ ይቆያል!»